ገድሎታል ወይስ አልገደለውም? አሥራ አንድ ተመልካቾች በአንድ ድሃ ፊልም ላይ የሰጡት ፍርድ

አራት ጓደኛሞች ነን። አንድ አጭር የወንጀል ፊልም በጣና ዳር ለመሥራት ስንዘጋጅ ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ካሜራው የኪራይ ነው፣ መብራታችን ሁለት ነው፣ ተዋንያኑ ዘመድና ጎረቤት ናቸው። ቀረጻ ልንጀምር ሦስት ሳምንት ሲቀረን በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «ገንዘብ እንደሌለን ከመጀመሪያው ትዕይንት ያስታውቅብናል፤ ተመልካቹም ያን ጊዜውኑ ይተወናል» አለ። እኔ ደግሞ ተመልካች ቢተወን በሌላ ምክንያት ነው የሚተወን ባይ ነበርኩ፤ በየትኛው እንደሆነ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። በቃል ከምንጨቃጨቅ፣ በድህነቱ የታወቀ አንድ የወንጀል ፊልም ለሰው እናሳይና የሚሉትን እንስማ ተባባልን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምሽትና ተከትሎት የመጣው ሳምንት ዘገባ ነው።

የመረጥነው «ዲቱር» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው። ቃሉ እኛ አገር መንገድ ሲቆፈር ሰሌዳ ላይ «ተለዋጭ መንገድ» ተብሎ የሚጻፈው ነው። ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1945 ማለቂያ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. ነበር። ያሠራው ፒአርሲ በሆሊውድ «የድሆች ረድፍ» እየተባሉ ይጠሩ ከነበሩት ትንንሽ ስቱዲዮዎች አንዱ ነው። ዳይሬክተሩ ኤድጋር ኡልመር በስተርጅና ዘመኑ «በስድስት ቀን ቀርጼ ጨረስኩት» ይል ነበር። የተረፉት ሰነዶች ግን ቀኑም ገንዘቡም ከወሬው እንደሚበልጥ፣ ወጪውም ከ100,000 ዶላር በላይ እንደነበረ ያሳያሉ። ቢሆንም ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በዚያ ዘመን ለአንድ ፊልም ከሚያፈሱት ጋር ሲተያይ ከኢምንት የሚቆጠር ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱ 68 ደቂቃ ያህል ነው። ፈረንሳዮች በ1946 እ.ኤ.አ. «ፊልም ኑዋር»፣ ማለትም «ጥቁር ፊልም»፣ የሚል ስም ካወጡለት ዘርፍ ይመደባል፤ ጥላ የበዛበት፣ ተስፋ የራቀው፣ ብዙ ጊዜም ጥፋተኛው ራሱ የሚተርከው የወንጀል ታሪክ ማለት ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ በሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ በ2018 ደግሞ ታድሶ ወጥቷል። የመጀመሪያው ፊልም የቅጂ መብት ስላልታደሰ ማንንም ሳያስፈቅዱ ማሳየት ይቻላል፤ ኪሳችንን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ታሪኩን ልናገር፤ ያለ እርሱ የተመልካቹ ክርክር አይገባም። አል የሚባል ፒያኖ ተጫዋች ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የምሽት ክበብ ይሠራል። እጮኛው ዕድሏን ለመሞከር ወደ ሆሊውድ ትሄዳለች፤ እርሱም ሊከተላት መንገድ ዳር እየቆመ ሊፍት እየለመነ አገር ያቋርጣል። አሪዞና ላይ ሃስኬል የተባለ ባለ መኪና ያሳፍረዋል። ሰውየው እጁ ላይ ጥልቅ የጥፍር ቡጭሪያ አለበት፣ ደጋግሞም ኪኒን ይውጣል። ሌሊት አል መሪውን ተረክቦ ሲነዳ ዝናብ ይጀምራል። የመኪናውን ጣሪያ ሊከድን ሲያቆም ሃስኬል ተኝቷል፤ ቢጠራው አይነቃም። አል በሩን ሲከፍት ሰውየው ተንሸራቶ ይወድቅና ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ ያርፋል። አልም «ማንም አያምነኝም» ብሎ ሬሳውን ደብቆ፣ የሟቹን ልብስ፣ ገንዘብ፣ መታወቂያና መኪና ይዞ ይሄዳል። በማግስቱ ቬራ የምትባል ሴት ያሳፍራል። ጥቂት አንቀላፍታ ድንገት ዓይኗን ትገልጥና ሬሳውን የት እንዳስቀመጠው ትጠይቀዋለች። ሃስኬልን የቧጨረችው እርሷ ነበረች! ከዚያ በኋላ አል በእጇ ነው። መጨረሻ ላይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሁለቱም ሰክረው ሲጣሉ፣ ለፖሊስ እደውላለሁ ብላ ስልኩን ይዛ መኝታ ቤት ትገባና በሩን ትቆልፋለች። አል ከውጭ ሆኖ የስልኩን ገመድ ይጎትታል፤ ገመዱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ ትሞታለች። ይህን ሁሉ የምንሰማው ከራሱ ከአል አፍ ነው።

ቦታው ባሕር ዳር ውስጥ ሽምብጥ አካባቢ ያለ የአንዷ ጓደኛችን እናት ግቢ ነው። ጊዜው ኅዳር፣ ቅዳሜ ማታ ነው። ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠርን፣ ፕሮጀክተር ተዋስን፣ የቤቱ እናት ቡና አፈሉ። የመጡት አሥራ አንድ ናቸው፦ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚመላለስ የሲኖትራክ ሹፌር፣ ጡረታ የወጡ የፖሊስ መርማሪ፣ በሐይቁ ላይ ጀልባ የሚነዳ ጎልማሳ፣ አንዲት ነርስ፣ በሆቴል ኪቦርድ የሚጫወት ወጣት፣ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ ልብስ ሰፊና ባለቤቱ፣ እንዲሁም የቤቱ እናት። እንግሊዝኛ መምህር የሆነው ጓደኛችን ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆሞ ንግግሩን እየተከተለ ወደ አማርኛ ይመልስ ነበር። ይህ ትርጉም በኋላ ዋጋ አስከፍሎናል።

እንዳሰብነው ድህነቱ ወዲያው ታወቀ። ፊልሙ ሲጀምር አል አንድ ቡና ቤት ተቀምጦ ካሜራው ወደ ስኒው ይጠጋል፤ ስኒው ሆን ተብሎ ተልቆ የተሠራ ነው። የቤቱ እናት ረከቦታቸው ላይ እንደተደፉ ቀና ብለው «ይህ ስኒ ነው ወይስ እንስራ?» አሉ። ኒው ዮርክ የሚባለው ከተማ ጭጋግና የመንገድ መብራት ብቻ ሆኖ ሲቀርብ ተማሪዎቹ ሳቁ። መኪናው ቆሞ ከኋላው መንገዱ በሌላ ፊልም ሲሄድ ደግሞ የበለጠ ሳቁ። ጓደኛዬ በጨለማው ክንዴን ጎሸም አደረገኝ። ክርክሩን ያሸነፈ መስሎት ነበር፤ እኔም መስሎኝ ነበር።

ሃስኬል ወድቆ አል በሬሳው ላይ ጎንበስ እንዳለ መብራት ጠፋ።

ሰው ተነሥቶ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ማንም አልተነሣም። ብርሃን የሚሰጠን የምድጃው ፍም ብቻ ነበር። ጥቂት ዝም ተባለና ሹፌሩ «አሁን ይህ ሰው ምን ያድርግ?» አለ። «በሌሊት፣ በዝናብ፣ ሰው በሌለበት በረሃ ባለ መኪናው ሞቶ መሪው እኔ እጅ ላይ ቢገኝ ማን ያምነኛል? እኔ ዓባይ በረሃን በሌሊት አውቀዋለሁ። እውነቱን ነው፤ እኔም እሸሽ ነበር።» ልብስ ሰፊው ደገፈው። ነርሷ ግን «ኪኒን የሚውጥ ሰው ነው፤ በሽተኛ ነው። ሐኪም ቢያየው በምን እንደሞተ ይታወቅ ነበር። ለምን ይሸሻል?» አለች።

መርማሪው እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም ነበር። ተነሡና ሹፌሩን «ና እስቲ ልጄ» ብለው ወደ ቤቱ የእንጨት በር ወሰዱት። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው። መሬት ላይ አስቀምጠው በትከሻው በሩን እንዲደገፍ፣ ዓይኑን እንዲጨፍን አደረጉት። «እንቅልፍ ወስዶሃል» አሉትና ከውጭ ዞረው በሩን በድንገት ሳቡት። ሹፌሩ ተንሸራተተ፤ ነገር ግን መሬት ሳይደርስ ቀኝ እጁ ተዘርግቶ ደፉን ያዘ። መርማሪው ጎንበስ ብለው ያንን እጅ በጣታቸው ነኩት። ፍሙ ከታች እያበራ ሁለቱ እጆች ብቻ ይታያሉ። «የተኛ ሰው እጁን ይዘረጋል» አሉ። «ይህ ሰው ግን እንደ ጆንያ ነው የወደቀው። እንግዲህ ወይ አስቀድሞ ሞቷል፣ ወይ ደግሞ የነገረን እንደነገረን አይደለም። አስቀድሞ ሞቶ ከሆነ ድንጋዩ ጥፋተኛ አይደለም። ድንጋዩን ለምን አነሣብን?»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጫጫታ መግለጽ ያስቸግራል። ስለ ስኒው፣ ስለ ጭጋጉ፣ ከኋላ ስለሚሄደው መንገድ አንድም ሰው አላነሣም። ሁለት ወገን ሆኑ፤ ገድሎታልና አልገደለውም። መብራቱ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ሲመጣ «ቶሎ ቀጥሉት» ብለው የጮኹት እነዚያው ሲስቁ የነበሩት ተማሪዎች ናቸው።

ፊልሙ ሲያልቅ ወረቀት አደልን። ጥያቄያችን «ፊልሙን እንዴት አገኛችሁት?» የሚል ነበር። ስሕተታችን ይህ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ከጻፍኩባቸው ምክንያቶችም ዋናው ነው። የተመለሰልን መልስ «ጥሩ ነው»፣ «አስተማሪ ነው»፣ «በርቱ» የሚል ነበር። በእንግድነት ቡናቸውን የጠጡበት ቤት ውስጥ፣ ፊልም ሊሠሩ ለሚታገሉ ልጆች፣ ማን ክፉ ይናገራል? ይሉኝታ የወለደው መልስ ነው። በጨለማ ውስጥ ሰው ሲሟገት ከሰማን በኋላ እነዚያን ወረቀቶች ማንበብ ያሳዝን ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት እየዞርን ሰዎቹን ለየብቻ አነጋገርን፤ ስለ ፊልሙ ምንም ሳንጠይቅ «ገድሎታል ወይስ አልገደለውም?» ብቻ አልን። የፊልሙ ሐሜት ሁሉ ከዚያ ጥያቄ ውስጥ ተግተልትሎ ወጣ።

ኪቦርድ ተጫዋቹን ያገኘሁት ከሥራው በፊት በሆቴሉ ጓሮ ነው። የያዘው እኔ ያላስተዋልኩትን ትዕይንት ነው። አል በክበቡ ውስጥ ፒያኖውን ሲመታ አንድ ሰካራም አሥር ዶላር ይሰጠዋል፤ አል ግን ብሩን በጀርም የተሞላ ወረቀት ብሎ ይንቀዋል። «እኔም በየምሽቱ ጉርሻ እቀበላለሁ» አለኝ። «የሚሰጥህን ሰው የምትጠላው አንተ ሌላ ቦታ መሆን እንደሚገባህ ስታምን ነው። ይህ ሰው ገና ከኒው ዮርክ ሳይወጣ ተቆጥቷል። ዕድል ያበላሸው የዋህ መስሎ ይተርካል እንጂ ገንዘብ ያለውን ሰው አይወድም። ሃስኬል ገንዘብ አለው፤ እራት ጋበዘው። ገድሎታል።»

ነርሷ ስለ ሃስኬል ብዙም ግድ አልነበራትም፤ ልቧ ቬራ ዘንድ ነው። ተዋናይቷ አን ሳቬጅ ናት፤ ያቺን ክፉ ሴት የተጫወተችበት ኃይል እስከ ዛሬ ይወራል። ወንዶቹ ሁሉ ቬራን «እባብ» ሲሏት ነርሷ «ሳሏን አልሰማችሁም?» አለች። ፊልሙ ውስጥ ስለ ሳሏ ይነሣል፤ የሳንባ ነቀርሳም ይጠቀሳል። «እንደምትሞት የምታውቅ ታማሚ ናት። የሚቀራት ጊዜ አጭር ስለሆነ ነው እንዲህ የምትናከሰው። እርሱ ክፉ አድርጎ የሚያወራባት ለእርሱ ስለሚመቸው ነው፤ የሞተች ሴት መልስ አትሰጥም።» ስለ ስልኩ ገመድ ስጠይቃት እንደ ባለሙያ መለሰችልኝ። ሰው ታንቆ የሚሞተው በአንድ ጉተታ እንዳልሆነ፣ ገመዱ ጠብቆ መቆየት እንዳለበት ነገረችኝ። «በሩ በመካከል ስላለ አላየሁም ይላል። እጁ ግን ያውቃል።»

ሹፌሩ ሐሳቡን ለውጦ ጠበቀኝ። ያስለወጠው ደግሞ የፊልሙ ድህነት ነው። አል መንገድ ዳር ቆሞ ሊፍት በሚለምንባቸው ትዕይንቶች መኪኖቹ በግራ ይሄዳሉ፣ ሹፌሮቹም በቀኝ ተቀምጠዋል። አሜሪካ እንደ እኛው በቀኝ ነው የሚነዳው። ለዚህ በፊልም ባለሙያዎች ዘንድ የሚሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው፦ አል በካርታ ላይ እንደሚሆነው ወደ ምዕራብ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጓዝ እንዲመስል ፊልሙ ተገልብጦ ታትሟል፤ እንደገና ለመቅረጽ ከሚወጣው ገንዘብ ይህ ይረክሳል። ለሹፌሩ ይህን ነገርኩት። አዳመጠኝና «ይሁን» አለ። «እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ውሸታም ሲያወራ ቀኝና ግራው ይጠፋበታል። መጀመሪያ አምኜው ነበር፤ መኪኖቹን ሳይ ተጠራጠርኩ።»

ይህን መልስ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ዳይሬክተሩ ለዚያ ብሎ አላደረገውም፤ ይህን አምናለሁ። ነገር ግን ተራኪውን የሚጠራጠር ተመልካች በፊልሙ ላይ የሚያየውን ጉድለት ሁሉ በተራኪው ላይ ነው የሚጽፈው። ጀልባ ነጂውም ተመሳሳይ ነገር አለኝ። ጭጋጉን ወዶታል። «ጠዋት ሐይቁ ላይ እንዲሁ ነው። ደሴቱ አይታይህም፤ መኖሩን ታውቃለህ። ሰውየው ከተማውን ሲያስታውስ የሚታየው ያ መብራት ብቻ ነው፣ ሌላው ጠፍቶበታል።» ሦስቱ ተማሪዎች ደግሞ ከሁሉም በላይ በድህነቱ የሳቁ ናቸው፤ የሚገርመው ግን አልን እስከ መጨረሻው ያመኑትም እነርሱ ናቸው። ለእነርሱ የሚናገረው ሁሉ እውነት ስለሆነ ምስሉ ከእውነቱ ሲያንስ ጉድለቱ የፊልም ሠሪው ሆነ። ባመኑት መጠን ነቀፉት። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር አላምነውም ነበር።

ልብስ ሰፊውና ባለቤቱ ተለያዩ፤ እርሱ አልገደለም፣ እርሷ ገድሏል። ቤታቸው ውስጥ ክርክሩ እስከዚያ ቀን እንዳልቆመ ነገሩኝ።

አሁን ስለ ትርጉሙ ልናገር። አል ታሪኩን የሚዘጋው ማንንም ሰው ያለ ምክንያት ሊይዝ በሚችል ስውር ኃይል እያመካኘ ነው። መምህሩ ጓደኛችን በችኮላ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብሎ ተረጎመው። ቃሉ ሲወጣ የቤቱ እናት «እንግዲህ የአርባ ቀን ዕድሉ ከሆነ ምን ይፈረድበታል» ብለው ሲያዝኑ ሰምቻለሁ፤ ልብስ ሰፊውም ራሱን ነቀነቀ። ያ ሐዘን የፊልሙ ሳይሆን የእኛ ቃል ያመጣው ነው። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ተከፋ፤ እኔም ከእርሱ የተሻለ ቃል አላመጣሁለትም። ሳምንቱ ሲያልፍ እትዬን፣ የቤቱን እናት፣ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ምሥር እየለቀሙ ነበር። እጃቸውን ከሰፌዱ ሳያነሡ «አስቤበታለሁ» አሉ። «የአርባ ቀን ዕድል የሚባለው ሌላ ሰው ሲያዝንልህ የሚለው ነው። ሰው ለራሱ እንዲህ ካለ የሚደብቀው አለው።» ከመምህሩ የተሳሳተ ቃል እውነተኛ ፍርድ አወጡበት።

መጨረሻ ላይ ፖሊስ አልን መንገድ ላይ ሲይዘው ሁሉም «ይህ ተቀጥሎበት ነው» ብለዋል፤ ትክክል ናቸው። በዚያ ዘመን የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም እንዲያልቅ አይፈቅድም ነበር። መርማሪውን ግን ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። የሃስኬል ሬሳ በአል ስም ተመዝግቧል፤ ፖሊስ በቬራ ሞት የሚፈልገው ሃስኬልን ነው። «እንግዲህ የያዙት ማንን ነው? ስም የለውም እኮ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ርኅራኄ ነበር። ገድሏል ብለው የፈረዱት እርሳቸው ሆነው፣ ከሁሉም ይልቅ ያዘኑለትም እርሳቸው ናቸው።

በእኛ ፊልም ላይ ያመጣውን ለውጥ ባጭሩ ልጻፍ። ታሪካችን አንድ ጀልባ ነጂ ነጋዴ አሳፍሮ ወደ ደሴት ሲሄድ ነጋዴው ውኃ ውስጥ ገብቶ ስለሚሞትበት ጉዳይ ነው። ካለን ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የመደብነው ለአወዳደቁ ትዕይንት ነበር፤ ሁለተኛ ጀልባ፣ ዋናተኛ፣ የውኃ ውስጥ ካሜራ ተከራይተን ሁሉን ነገር በግልጽ ልናሳይ። ያንን ትተነዋል። አሁን ጀልባ ነጂው ራሱ ይናገራል፤ አወዳደቁን የምናየው እርሱ በሚናገረው መጠን ብቻ ነው። ማለዳ በጭጋግ እንቀርጻለን፤ ጭጋጉ ኪራይ አይጠይቅም። ያ የተከራከረኝ ጓደኛዬ እስካሁን በሙሉ ልቡ አልተስማማም። «ተመልካቹ የሚሟገትለት ጥሩ ውሸት ካልጻፍን ጭጋጉ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ለዚህ ነው የፊልማችንን ጽሑፍ ይዘን መርማሪው ዘንድ የሄድነው። የጀልባ ነጂውን ንግግር ሁለት ጊዜ አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ከዚያም ገጸ ባሕርዩን እንደ ተጠርጣሪ ቢያገኙት የሚጠይቁትን በእርሳስ ጻፉልን። ዘጠኝ ጥያቄ ነው። ስምንቱን መልሰናል። ዘጠነኛው እንዲህ ይላል፦ «ከቀትር በኋላ ነበር ብለሃል፤ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል። ሰውየው በየትኛው ወገን ወደቀ? ነፋሱስ በየትኛው ወገን ነበር?» ለእውነተኛው ጀልባ ነጂ አሳየነው። ወረቀቱን ብዙ አየና «ይህን ለመመለስ ከሐይቁ ላይ መሆን አለብኝ» አለ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ አብረነው እንወጣለን።